አባቴ እና የሚንቀጠቀጠው ሞተር

እኔ ቁጡ ነኝ፤ ይህ ከወዲሁ ይታወቅልኝ። ሰፈሩ «እሳቷ» ብሎ ሰይሞኛል፤ እውነተኛ ስሜን የሚያስታውስ ያለም አይመስለኝ። ሥራዬ ውሃ መሥሪያ ቤት፣ ስልክ ላይ ተቀምጦ የሰው ቅሬታ መስማት ነው። ቧንቧው የደረቀበት ሁሉ ደውሎ የስድብ መዓት ያወርድብኛል፤ እኔ ደግሞ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ይቅርታ እመቤቴ» እያልኩ ቆሽቴ ሲያር ይውላል። ታዲያ ቤቴ ስገባ በተራዬ የሚሰማኝ ሰው ብፈልግ ይፈረድብኛል? ችግሩ ቤት ስገባ የማገኘው አባቴን መሆኑ ነው።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። በወጣትነቱ ትልቅ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ሠርቷል፤ ስፍር ቁጥር የሌለው ማሽን በአንድ ጣሪያ ሥር ቀኑን ሙሉ የሚንጫጫበት አዳራሽ። ከዚያ ሲወጣ ከግቢያችን አጥር ጋር የተያያዘች ጠባብ ሱቅ ከፈተ። ሱሪ ያሳጥራል፣ ኮት ያጠባል፤ የሙሽራ ቀሚስ ግን ደጅ ካልተጠና አይነካም። የስፌት ማሽኑን ራሱ ይፈታል፣ ራሱ ዘይት ይቀባል፣ ክሩ ሲላላ ራሱ ያጠብቃል። «የሌላ ሰው እጅ የገባበት ማሽን ጌታውን ይረሳል» ይላል። ይህን ተረት ከየት እንዳመጣው እግዜር ይወቅ፤ ከሱ በቀር ሲተርተው የሰማሁት ሰው የለም።

ተረቱ ማሽኑ ላይ ብቻ ቢቀር ደግ ነበር። መኪናም አለችው። የገዛት እኔ ሳልወለድ ነው። ሰማያዊ ነበረች ይላሉ፤ እኔ የማውቃት ታጥቦ ታጥቦ የነጣ ጂንስ መስላ ነው። ገና እንደገዛት አንድ ጊዜ ጋራዥ ቢያስገባት ደህናውን ካርቡሬተር ነቅለው ያረጀ ገጠሙለት። ካርቡሬተር ማለት ቤንዚኑንና አየሩን ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚያጎርሰው ዕቃ ነው፤ እሱ ሲበላሽ መኪና እንደ አስም በሽተኛ ነው የሚተነፍሰው። አባቴ ያን ዕለት ማለ። «ጋራዥ የገባ መኪና ጅብ ቤት እንዳደረ በግ ነው፤ ቢወጣ እንኳ ሙሉውን አይወጣም!» ከዚያ ወዲህ የሷን ሞተር ከሱ በቀር የነካ ሰው የለም። ቅዳሜ ጠዋት ኮፈኑን ይከፍታል፣ ካቻቢቴውን ይይዛል፣ የልብስ መቁረጫ ጠመኔውን ጆሮው ላይ ይሰካል፣ ጎንበስ ይላል።

እውነቱን ልናገርና፣ ድሮ ጎበዝ ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥና ብሎኗን ነካ ሲያደርጋት ሞተሩ ረጋ ይላል። ጎረቤት መኪናውን እየያዘ መጥቶ «አባባ፣ እስቲ አንዴ ያዳምጡልኝ» ሲለው አስታውሳለሁ። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ አባቴ የሰፈሩ ሐኪም ይመስለኝ ነበር።

ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ሰውዬው መኪናዋን ያስተካክላት ይሁን ያሰቃያት እንጃ! ሞተሯ ሲነሳ በሩ ይንቀጠቀጣል፣ መስተዋቱ ይንቀጠቀጣል፣ አጠገቡ የተቀመጠች እናቴ ከነጉንጯ ትንቀጠቀጣለች። ከማርሚታው የሚወጣው ጭስ ጥቁር ነው። ቤንዚን እንደ ውሃ ትጠጣለች። ይህን ሁሉ አባቴ እያየ ምንም እንዳልሆነ ሰው ኮፈኑን ዘግቶ እጁን ይታጠባል። ስድቡ የሚደርሰው ደግሞ ለእኔ ነው።

«እሳቷ! ኧረ ለአባትሽ ንገሪልኝ!» ትለኛለች የማዶዋ ጎረቤታችን። «አንሶላዬን በረዶ አስመስዬ አስጥቼው፣ ተመልሼ ሳየው ጥላሸት! እኔ ያጠብኩት አንሶላ ነው ወይስ ከሰል?»

ነግሬዋለሁ እኮ! ያልነገርኩት ቀን አለ? ሞተሩ ላይ ጎንበስ ባለበት ከኋላው ቆሜ፣ ወገቤን ይዤ፣ «አባዬ! አንተ እኮ ልብስ ሰፊ ነህ! ከመጠምጠም መማር ይቅደም ሲባል አልሰማህም? ለባለሙያ ከፍለህ አሠራት!» ብዬ እጮሃለሁ። ጀርባው አይንቀሳቀስም። «ሰው አሳቀቅከን! አንድ ቀን እንኳ ብትሰማኝ ምናለ?» ጠመኔውን ከጆሮው ላይ ያወርድና እዚያ ሞተሩ ውስጥ የሆነች ነገር ላይ ጫር ያደርጋል። ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት እንግዲህ ይህ ነው። ሱቁ ሄጄ ማሽኑን እየረገጠ ሳለ ብናገረውም ያው ነው፤ ጨርቁን እያየ ይሰፋል።

ስለዚህ ጀርባው ላይ ስጮህ እውልና ማታ ራት ላይ ፊት ለፊት ስንቀመጥ አኩርፌ ቃል አልተነፍስም። እሱ ያየኛል፣ ያየኛል፣ ከዚያ ዞሮ እናቴን ያያል። ሲናገርም ደግሞ ቤቱን እያናጋ ነው። «ጨው አቀብዪኝ!» ሲል እንኳ የሰደበኝ ይመስለኛል። የገዛ አባቴ የሰፈር መሳቂያ አድርጎኝ ሳለ ጭራሽ ይጮህብኛል ብዬ አንጀቴ ይበግናል።

እናቴ ጉልበቷን ታማለች። በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሐኪም ቤት ሄዳ እግሯን ያሹላታል፤ የሚያመላልሳት እሱ ነው። አንድ ቅዳሜ እኔም ከኋላ ተሳፍሬ ነበር። ሐኪም ቤቱ ያለው ዳገት ላይ ነው፤ ዳገቱ አጋማሽ ስንደርስ ሞተሯ ሁለት ጊዜ ሳል አለችና ቀጥ! አንድ ግዙፍ የጭነት መኪና ጭራችን ላይ ተለጥፎ ነበርና ጥሩምባውን ለቀቀው። የሞተ የሚቀሰቅስ ጥሩምባ። አባቴ አልዞረም፣ አልደነገጠም፤ ቁልፉን ቀስ ብሎ ያዞራል፣ ያጠፋል፣ ደግሞ ያዞራል። ንጉሥ ነው እንዴ፣ አገር ሁሉ ቆሞ የሚጠብቀው! የጭነት መኪናው ሹፌር ትዕግሥቱ አልቆ ወረደና መስኮታችንን በቡጢ ደበደበ።

«ሽማግሌ! ደንቆሮ ነህ እንዴ?»

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። በሩን በርግጄ ወረድኩና በዚያ ዳገት ላይ ለሹፌሩ የሚገባውን ሰጠሁት፤ እናቱ ስታሳድገው የረሳችውን ሁሉ አስተማርኩት። ሲሄድልኝ ዞሬ ወደ አባቴ። እሱ ወርዶ ኮፈኑ ሥር ገብቷል። «በአንተ ምክንያት የመንገድ ወሮበላ ይስደበን? እናቴን ልትገድላት ነው?» አልኩት። እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች አውጥቶ በመሐረቡ ይጠርጋል። አንዲት ቃል! አንዲት ቃል እንኳ ቢመልስልኝ!

ማታ ወጥ ቤት ገባሁ። እናቴ ተቀምጣ ሳህን ታደርቃለች።

«በቃ! ወይ ጋራዥ ትገባለች፣ ወይ ትሸጣለች!»

«ተይው ልጄ» አለችኝ። «የሰው እጅ አይግባባት።»

«አንቺም እንደሱ ሆንሽ?»

«ያቺ መኪና ከእጁ ከወጣች አባትሽ አለቀለት። ሱቁ እንደሆነ እየቀዘቀዘ ነው፤ ሰው ልኩን ነግሮት ይሄዳል፣ እሱ ሌላ ይሰፋል። ደንበኛው ሸሸ። ጠዋት ከአልጋው የሚያስነሳው ‹ሚስቴን የማመላልሳት እኔ ነኝ› የሚለው ነገር ብቻ ነው። እሱንም ልትወስጂበት ነው?»

«እና ለኩራቱ ሲባል ገደል ይግባ? አንቺንም ይዞ?»

«ኩራት አይደለም» አለች። ሌላ ነገር ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ ተመልሳ ዘጋችውና ሳህኗን ማድረቅ ቀጠለች። ይህ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። በዚያ ቤት የሚናገር ሰው እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው?

በቀጣዩ ቅዳሜ አባቴ አንድ አስቸኳይ ኮት ነበረበትና ጠዋቱን ሱቁ ገባ። ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ አነሳሁና መኪናዋን ይዤ ውልቅ። ጋራዡ ሰፊ ግቢ ነው፤ መሬቱ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል፣ ግድግዳው ሥር የተጋደሙ ሞተሮች አሉ። ባለቤቱ ነጭ ካፖርት ስለሚለብስ «ዶክተሩ» ይሉታል። ስወርድ እኔን አልፎ ከኋላዬ ሰው ይፈልጋል።

«ወንድ የለም አብሮሽ?»

«ሞተሩ ነው ወንድ የሚፈልገው ወይስ አንተ?»

ሳቀና ሠራተኛውን ጠራልኝ። ሠራተኛው ቅንድቡ ድረስ ግራሶ የነካው፣ ዝም ያለ ቀጭን ሰው ነው። ኮፈኑን ከፈተ፣ አስነሳት፣ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ አጥፍቶ መብራቱን አቀረበና ጠራኝ።

«እህቴ፣ ይቺን መኪና ማነው የሚነካት?»

«አባቴ።»

«መካኒክ ናቸው?»

«ልብስ ሰፊ ነው» አልኩት፤ ጥርሴን ነክሼ። እንዲስቅ ጠብቄ ነበር፤ አልሳቀም።

«ነይ እስቲ እይ። ይሄ ብሎን መኪናው ቆሞ ሳለ ሞተሩ የሚዞርበትን ልክ የሚይዘው ነው፤ እኛ ሚኒሞ እንለዋለን። ያኛው ደግሞ የቤንዚኑ ነው። ሁለቱም ላይ በጠመኔ ተሰምሯል፣ አየሽ? ብሎኑ ቢንቀሳቀስ ተመልሶ እዚሁ መስመር ላይ እንዲገባ ነው። አባትሽ ተሳስተው አይደለም። እንድትንቀጠቀጥ ብለው፣ ፈልገው ነው እንዲህ ያደረጓት።»

«ጤነኛ ሰው ሞተሩ እንዲንቀጠቀጥ ይፈልጋል?»

«እንጃ። ያለ ምክንያት ግን አይመስለኝም። ይሻላል ካልሽ ደውዪና ልጠይቃቸው።»

ደሜ ፈላ። ለካ አለማወቅ እንኳ አይደለም! ለካ ሆነ ብሎ ነው ያን ሁሉ ጭስ ያስጠጣን፣ ዳገት ላይ ያስቀረን፣ ያሰደበን! «ማንንም አትጠይቅ፤ አስተካክላት!» አልኩት። «መነሳቷ እስከማይታወቅ ድረስ ጸጥ አድርገህ አስተካክላት!»

ቀጭኑ ሰውዬ ትከሻውን ነቀነቀና ሥራውን ጀመረ። ካርቡሬተሩን ፈትቶ በቤንዚን አጠበ፣ ፊልትሮውን ቀየረ፣ ካንዴላዎቹን ቀየረ፣ ብሎኖቹን ከወዲህ ወዲያ ጥቂት ጥቂት እያደረገ አዞራቸው። ሥራውን አልነቅፍም። ሲጨርስ ሞተሩ መነሳቱን ለማወቅ ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን መጣል ነበረብኝ። ላይዋንም አጥበው ሰጡኝ። የጠየቁኝን ሳልከራከር ከፈልኩ፤ እኔ ሳልከራከር መክፈሌ ራሱ ተአምር ነው። መስኮት ከፍቼ፣ እያፏጨሁ፣ ዛሬ ልክ አስገባዋለሁ እያልኩ ወደ ቤት ነዳሁ።

እናቴ ከዘራዋን ይዛ በረንዳው ላይ ተዘጋጅታ ነበር። መኪናዋ ድምፅ ሳታሰማ ስትገባ ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ደስታ መስሎኝ ነበር። የማዶዋ ሴትዮ በአጥሩ በኩል አንገቷን አሰገገች። ዳቦ ጋጋሪው ጎረቤታችንም ሱሪውን ሊወስድ መጥቶ ግቢ ውስጥ ቆሟል። አባቴ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከሱቁ ወጣ። መኪናዋን አየ፣ እኔን አየ። መታጠቧን ብቻ ያየ መሰለኝ፤ ፈገግ አለ። ቁልፉን ተቀብሎኝ ገባ።

አስነሳት። በአንዴ ተነሳች።

አባቴ ግን ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ጠበቀ። ከዚያ እንደገና ቁልፉን አዞረ። የሚሠራ ሞተር ላይ ቁልፍ ሲዞር ማስነሻው ሞተሪኖ እንዴት እንደሚጮህ የሰማ ያውቀዋል፤ ብረት ብረትን ሲፍቅ ጥርስ ያፋጫል። የማዶዋ ሴትዮ ጆሮዋን ያዘች። አባቴ ፊቱ ላይ ምንም የለም። አሁንም አዞረው። አሁንም ጮኸ።

«አባባ፣ ተነስቷል እኮ! ምን ያስጮኹታል?» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

አልዞረም። ደግሞ አዞረው። ዳቦ ጋጋሪው ሳቀ። የማዶዋም አፏን በነጠላዋ ሸፍና ተከተለችው። «አረጁ በቃ! ተነሳ አልተነሳ እንኳ አይለዩም» አለች።

ልጮህበት አፌን ከፍቼ ነበር። በመስኮቱ ፊቱን አየሁት። ግትር ሰው እንዲህ አይደለም፤ የፈራ ሰው ነው። መዳፉን መሪው ላይ አጥብቆ ይጫናል፣ ያነሳል፤ ማርሹን ይዳስሳል፣ በሩን ይዳስሳል። ጨርቅ ሲመርጥ እንደሚያደርገው በጣቶቹ ጫፍ ይፈልጋል። ድምፁን አይደለም የሚፈልገው። መንቀጥቀጡን ነው።

አባቴ አይሰማም። ሞተሩን አይሰማም፣ ዳቦ ጋጋሪውን አይሰማም፣ ያን የጭነት መኪና አልሰማም። መኪናዋን እንድትንቀጠቀጥ ያደረጋት በእጁ ሊሰማት ነው።

እናቴ እያነከሰች ሄዳ በመስኮቱ እጇን አስገባችና ቁልፉ ላይ ያለውን እጁን ያዘችው። ዓይኑን አይታ ራሷን ከላይ ወደ ታች ነቀነቀች። ያኔ ለቀቀው።

እኔ ግን ያን ያህል ቁጣ የት ላድርገው? ሳቁ አልቆመም ነበር። «ምን ያስቃል?» ብዬ ጮኽኩ። «አንተ፣ ዳቦህ ባረረ ቁጥር ሰፈሩ መጥቶ ይስቅብህ? ሱሪህን ይዘህ ውጣ! አንቺም አንገትሽን ከአጥሬ ላይ አንሺ! ያ አንሶላሽ እንደሆነ ዛሬ ነጭ ነው፤ ሂጂና ተኚበት!» ወጡ። ዞሬ ወደ እናቴ፤ «ታውቂ ነበር! ታውቂ ነበር አይደል?»

አባቴ ከመኪናዋ ወረደ። መዳፉን ኮፈኑ ላይ አስቀመጠ።

«ጥሩ እጅ ነው የነካት» አለ፣ በዚያ ጯሂ ድምፁ። «ድሮ እኔም እንዲህ ነበር የማደርጋት። አሁን ግን እንዲህ ሆና መነሳቷን በምን አውቃለሁ?»

«እመልሰዋለሁ!» አልኩ። ኮፈኑን ከፈትኩ፣ ያን የጠመኔ መስመር ፈለግኩ። ቀጭኑ ሰውዬ ሁሉንም በቤንዚን አጥቦ አብረቅርቆታል፤ መስመር የሚባል ነገር የለም። ጋራዡን ረገምኩ፣ ዶክተሩን ከነካፖርቱ ረገምኩ፣ ቤንዚንን ከነፈጠረው ረገምኩ። አባቴ እጄን ይዞ ከሞተሩ ላይ አነሳውና ቁልፉን መዳፌ ውስጥ አስቀመጠ።

«ይብቃኝ» አለ። «ያን ቀን ዳገቱ ላይ ከኋላዬ መኪና መኖሩን ያወቅኩት ሰውዬው መስኮቴን ሲደበድብ ነው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እናትሽን አንቺ አመላልሻት።»

ይህን ብሎ ዞረና በሌላኛው በር ገብቶ ተቀመጠ። በዚያች መኪና ውስጥ ከመሪው ወዲያ ያለው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። እጁን የት እንደሚያደርገው ቸገረውና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

እናቴ ከኋላ ገባች፤ ሐኪም ቤቱ ይጠብቃታል። ነዳሁ። ነዳሁ ማለት አይቻልም፤ ዓይኔ ውሃ ሞልቶ፣ መሪውን ልነቅለው ምንም አልቀረኝም ነበር። ከፊቴ ላለው መኪና ሁሉ ጥሩምባ እነፋለሁ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አደራ አለኝ» አለች እናቴ ከኋላ። «‹ለልጅቷ እንዳትነግሪ፣ ቁልፉን ትቀማኛለች› አለኝ። አትቀሚውም ነበር?»

እቀማው ነበር! ይህን ማወቄ ይበልጥ አናደደኝ። «እና እኔ ድንጋይ ነኝ? ሐኪም ዘንድ አንወስደውም ነበር? ይህን ሁሉ ጊዜ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ስጮህ አንቺ ሳህን ታደርቂያለሽ? ሰፈሩ እስኪስቅበት ነበር የምትጠብቂው?» አላቋረጥኩም። ዳገቱን እስክንጀምር ድረስ የመጣልኝን ሁሉ አወረድኩት፤ ስለ ጋራዡ፣ ስለ ዳቦ ጋጋሪው፣ ጆሮውን ስለበላው ስለዚያ የማሽን ፋብሪካ፣ ስለ ሁላችንም።

አባቴ አጠገቤ ሆኖ አፌን ሲያይ ቆይቷል። ድንገት ወደ ኋላ ዞረና እናቴን፣

«ተመስገን! አየሻት፣ ተናገረች እኮ!» አላት። ፊቱ በርቷል። «ስንት ዘመኗ አፏን ከዘጋች! ራት ላይ እንኳ አንዲት ቃል የማትወጣት ልጅ!»

ከዚያ ወደኔ ዞረ። ድምፁን ዝቅ ሊያደርግ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

«ልጄ፣ ምን አጥፍቼ ነው እንደዚያ ዝም ያልሽኝ? እናትሽን ስንቴ ጠየቅኳት። ከኔ ጋር መነጋገር ያስጠላሽ እኔ ምን አድርጌሽ ነው?»

መኪናዋን ዳር አስያዝኩ። አፌን እንዲያይልኝ ፊቴን ወደሱ አዞርኩ።